ከመኪና ያልወረዱ ሽማግሌዎች

መቱ ገበያ ውስጥ ቦቲ ጫማ፣ ጃንጥላና የዝናብ ላስቲክ እሸጣለሁ። ሰው ሲታመም ሐኪም እንደሚበላ፣ ሲካሰስ ጠበቃ እንደሚበላ፣ እኔ ሰማይ ሲያለቅስ እበላለሁ። የኢሉባቦር ሰማይ ደግሞ ምክንያት ሳይፈልግ ያለቅሳል፤ ተመስገን ነው። ይህን የማነሳው ሱቄን ለማስተዋወቅ አይደለም። ከእግዚአብሔር አሠራር ጋር ስለተከራከርኩበት ነገር ላወራ ስለሆነ፣ ተከራካሪው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ ብዬ ነው።

ነገሩ የተነሣው በነቢያት ጾም ነው። የንስሐ አባቴ ጾሙ ከገባ ጀምሮ እሑድ እሑድ የሚያስተምሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አምላክ ከሰማይ ወረደ፣ ሥጋ ለበሰ፣ ሰው ሆነ፣ በከብቶች በረት ተወለደ። ከልጅነቴ የሰማሁት ነው፤ አምናለሁም። የማይገባኝ ለምን እንደሆነ ነው። በእኛ ሙያ ሠራተኛ ያለው ሰው ጆንያ አይሸከምም። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ አጸዱ ውስጥ ያዝኳቸውና ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ መላእክት አሉት፣ ነቢያት አሉት። መልእክተኛ ሞልቶት ሳለ ራሱ መምጣት ለምን አስፈለገው?»

«ፍቅር ነዋ፣ ልጄ።»

«ፍቅርማ በሰውም ይላካል። እኔ ወሎ ላሉት ዘመዶቼ ፍቅሬን የምልከው በሹፌር ነው።»

«ለዚህ ነው ዘመዶችህ መልክህን የማያውቁት» አሉኝና መስቀላቸውን አሳልመው ሸኙኝ። መልስ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

በዚያው ሰሞን ልጄ ከዳሪሙ መጣ። እዚያ ገጠር ውስጥ አስተማሪ ነው። ከእኔ ይልቅ ኦሮምኛ ይቀለዋል፤ ሲቆጣ በኦሮምኛ፣ ሲያፍር በአማርኛ ነው የሚናገረው። ያን ቀን በአማርኛ ተናገረ፤ ስለዚህ ነገሩ ከባድ መሆኑን ገና አፉን ሲከፍት አወቅሁ። አብራው የምታስተምር ልጅ አለች። ተዋድደዋል። አባቷ ቡና ያለው፣ ቀፎ የሚሰቅል ገበሬ ነው፤ እንደኛው ኦርቶዶክስ ነው። ልጄ ሽማግሌ ይላክልኝ አለ። እናቱ እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኳት፤ ዕቃ ሳይገዛ ደስታ ማሳየት ዋጋ ያስጨምራል።

ሽማግሌዎቹን መረጥኩ። አንደኛው የንስሐ አባቴ። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ ዳኛ፤ ጥላ ስር ተቀምጠው እንኳ ፍርድ የሚሰጡ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ጎረቤቴ፣ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ። መቱ ውስጥ ሽማግሌ ሲላክ ሃይማኖት አይጠየቅም፤ ጺም ነው የሚጠየቀው። ፒካፕ ተከራይቼ ሰደድኳቸው።

ማታ ተመለሱ። «አልሆነም» አሉ ዳኛው።

አልደነገጥኩም። ሴት ልጅ በአንድ ጊዜ አትሰጥም፤ ባህሉ ነው። ምናልባት መኪናው አንሶ ይሆናል ብዬ አሰብኩና ለሁለተኛው ጊዜ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ፣ ወንበሩ እንደ ሶፋ የሚያሰምጥ መኪና ፈልጌ ሰደድኳቸው። አሁንም «አልሆነም» ብለው መጡ። «ሰውየው ለመነጋገር ፈቃደኛ አይደለም» አሉ ዳኛው። አባ መሬት መሬት ያያሉ። ሐጂ ጺማቸውን ይዳብሳሉ።

ልጄ በሳምንቱ ሲመጣ ግማሽ ሆኗል።

«ልጄ ከሳ» አለች ሚስቴ።

«ጾም ነው።»

«ጾሙን አንተም ትጾማለህ፤ ቦርጭህ የት ሄደ?»

ልጁ የያዘው ወሬ ነበር። ከጎሬ ሌሎች ሽማግሌዎች ለሌላ ልጅ ሊጠይቋት ነው፤ የሚመጡትም የፊታችን ቅዳሜ ነው። ልጅቷ «አባትህ አንድ ነገር ያድርግ» ብላ ልካዋለች። ይህን ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሠላሳ ልጅ የሚጮህበት ክፍል ውስጥ ጸጥታ የሚያስከብር አስተማሪ ነው፤ እኔ ፊት ግን ድምፁ ተቆረጠ። ያን ጊዜ ባህሉም ዋጋውም ከጭንቅላቴ ጠፋ። ይህች ልጅ ካመለጠችው ልጄ ሌላ ሰው ሆኖ እንደሚቀር አየሁ።

ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ጨርቅ ያጥፋሉ።

«ሐጂ፣ ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እምቢ ያለን?»

«እምቢ አላለም።»

«እንዴት አላለም?»

«እምቢ የሚለው የተጠየቀ ሰው ነው። እኛ መች ጠየቅነው?»

የያዙትን ጨርቅ አስቀመጡና በሩን ገርበብ አደረጉት። የሰውየው ቤት ከመኪናው መንገድ በታች፣ ሸለቆው ውስጥ ነው። ከመንገዱ ወደ ቤቱ የሚወስደው የእግር መንገድ ነው፤ ዘንቦበት ነበር። «ዳኛው ጫማቸውን አዩ። ቄሱ ነጠላቸውን አዩ። እኔም ውሸት ምን ያደርጋል፣ ጉልበቴን አየሁ። ሹፌሩን ጥሩምባ ንፋ አልነው። ሰውየው ደጁ ላይ ወጣ። ሽማግሌዎች ነን፣ ብቅ ይበሉ ብለን ጮኽን። እሱም ‹ኮታ፣ ገዲ ቡኣ!› አለን። ኑ፣ ውረዱ ማለቱ ነው። ዳኛው ‹እርስዎ ቢወጡ ይቀላል› አሉት። ገባና በሩን ዘጋ።»

«ሁለተኛውስ ጊዜ?»

«ሁለተኛው ጊዜማ አንተ ራስህ አበላሸኸው። ወንበሩ እንደዚያ የሚመች መኪና ተከራይተህ ማን ይወርዳል?»

«ይህን ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ሦስት ሽማግሌ ጭቃ ፈርተን ተመለስን ተብሎ ይነገራል?» አሉና ቆጣ አሉ፤ የተቆጡት ግን በራሳቸው ነበር። «ስማኝ። የእናንተ ሃይማኖት አምላክ ሰው ሆነ ይላል፤ የእኛ አይልም። በዚህ ከአንተ ጋር አልከራከርም፤ ሁለታችንም ሱቅ አለን። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ከመኪና መውረድ እንዳለበት ለማወቅ ግን መጽሐፍ አያስፈልግም። ደሞ የእናንተው ቄስ፣ ወረደ ወረደ ብሎ የሚያስተምረው፣ እሱ ነበር ወንበሩን ሙጭጭ ብሎ የያዘው።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ አባ ሄድኩ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ገባቸው።

«አባ፣ ያለፈው እሑድ ትምህርት ስለ ምን ነበር?»

«ተወኝ።»

«ወረደ ነው ያሉት ወይስ ጥሩምባ ነፋ?»

«ተወኝ አልኩህ እኮ!» ቆባቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት። «ጭቃ ነበር፣ ልጄ። ከመንገድ ላይ ሆኖ ሲያዩት ደግሞ የባሰ ጥልቅ ይመስላል።»

«እንግዲህ እኔ ራሴ እሄዳለሁ።»

«አባት ለልጁ ሽማግሌ ሆኖ አይሄድም። ነውር ነው።»

«እግዚአብሔርስ መልእክተኛ ልኮ ልኮ አልሆን ሲለው ራሱ አልመጣም?»

አባ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «አብ አልመጣም! ሥጋ የለበሰው ወልድ ነው። አብ ራሱ ሥጋ ለበሰ ማለት ኑፋቄ ነው። አባቶች ተሰብስበው አውግዘው የጨረሱትን አንተ ከቦቲ ሱቅ ይዘኸው ልትመጣ ነው?»

«እሺ፣ ልጄን ልላከዋ!»

«ሙሽራው ራሱ ሚስት ሊጠይቅ?» አሉ ዐይናቸው ፈጦ። «እሱማ ከኑፋቄውም ይብሳል!»

ሚስቴ ናት የፈታችው። ማታ አባን፣ ሐጂንና እኔን ሰብስባ ስትሰማን ቆየችና፣ «አባ ጃንጥላ የሚይዝላቸው ሰው አያስፈልጋቸውም?» አለች። «ጃንጥላ ያዥን ማን ነህ ብሎ ማን ይጠይቀዋል? ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ፤ ባሌ ጥላ ይዞ ይቆማል። ባህሉም አልተነካ፣ ሃይማኖቱም አልፈረሰ።» አባ ትንሽ አሰቡና፣ «የባሪያን መልክ ይዞ…» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲያልፍ አየሁ። ጠይቄ ላበላሸው አልፈለግሁም።

ቅዳሜ በጠዋት ተነሣን። ዳኛው ስብሰባ አለኝ ብለው ቀሩ፤ ጡረተኛ ምን ስብሰባ እንዳለው እግዜር ይወቅ። ሐጂ በሕዝብ መኪና ካልሆነ አልሄድም ስላሉ፣ በሚኒባስ ከዶሮና ከጎመን ጋር ተጨናንቀን ደረስን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ከመንገዱ ዳር ቆመን ቁልቁል አየን። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የቡና ዛፎች፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ መንገድ ነው ተብሎ የሚጠራ ነገር።

እኔ ከሱቄ አዲስ ቦቲ አድርጌ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ «ይሄን ጭቃ አይደፍረውም» እያልኩ ስሸጥ ኖሬአለሁ፤ አድርጌው ግን አላውቅም ነበር፤ የመቱ አስፋልት ቦቲ አይጠይቅም። እውነቴን ነበር፤ ጭቃው አልደፈረውም። ዋጠው። እግሬ ወጣ፣ ቦቲው ቀረ። እጄን አስገብቼ ስፈልግ ከላይ የሐጂ ድምፅ መጣ፦

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም!»

ሱቄ በር ላይ የለጠፍኩት ጽሑፍ ነው። በዱላቸው ተደግፈው እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። ሳቁ ግን ሚዛናቸውን አሳጣቸውና እሳቸውም በቂጣቸው ተንሸራተው እኔ ያለሁበት ደረሱ። አባ በበኩላቸው እየተጠነቀቁ፣ በቅጠሉም በሥሩም እየተንጠለጠሉ ወርደው ወርደው፣ መጨረሻው ላይ መስቀላቸውን ብቻ ከፍ አድርገው የቀረው ሁለመናቸው ወደ ታች ሄደ።

«ጃንጥላውን ያዝ እንጂ!» አሉኝ ከተኙበት።

«አባ፣ አሁን ከምኑ ነው የማስጥልዎት?»

ከዚያ በኋላ ቀለለ። የሚገርመው ይህ ነው። አንዴ ከወደቁ ወዲያ የሚፈራ ነገር የለም። ሦስታችንም ባዶ እግራችንን፣ ተያይዘን፣ ሸክላ ሠሪ መስለን ደጁ ደረስን።

የልጅቷ አባት ከመጀመሪያው ጀምሮ የደጁን ምሰሶ ተደግፎ ሲያየን ነበር። ረጅም፣ ሽበት ጣል ያደረገበት ሰው ነው። ላለመሳቅ የሚያደርገው ትግል ከሩቅ ይታያል። ሚስቱ ግን ጓዳ ሆና በሳቅ እየተንከተከተች ነው፤ ይሰማል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ። «እንኳን ወረዳችሁ።»

ሌላ ነገር አልተናገረም። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አስመጣና ራሱ በርከክ ብሎ የአባን እግር ማጠብ ጀመረ። ቀጥሎ የሐጂን። ወደ እኔ ሲመጣ እግሬን ሰበሰብኩ።

«ግድ የለም፣ እኔ ጃንጥላ ያዥ ነኝ።»

«ጃንጥላ ያዥ እግር የለውም?» አለና ቁርጭምጭሚቴን ይዞ ጎተተኝ። እጁ ሻካራ ነው። በጣቶቼ መካከል የገባውን ጭቃ አንድ በአንድ ሲያወጣ ወዴት እንደማይ ጠፋኝ። በዚህ ሰው ላይ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ አስነፍቼበታለሁ። ሱሪዬ የሚለበስ ስላልነበረ የራሱን ሱሪ ሰጠኝ፤ ርዝመቱን በገመድ አስሬ አሳጠርኩት።

ቤት ገብተን ተቀመጡ ሲለን፣ አባና ሐጂ እንደ ወጉ ቆመው ቀሩ። «ጉዳይ አለን፤ ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ አባ፣ ከጺማቸው ጭቃ እየተንጠባጠበ። ልጃችሁን ለልጃችን ሰጥታችሁ፣ ዘመድ አድርጉን፣ አሉ። ሰውየው ሰማቸውና ጠየቀ።

«ልጁን አውቀዋለሁ። አባቱስ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

እኔ በሩ ጥግ ጃንጥላ ይዤ ቆሜአለሁ።

«ደግ ሰው ነው» አሉ አባ፣ ወደ እኔ ላለማየት አንገታቸውን እንደ ደረቀ እንጨት ገትረው። «ጾሙን የሚጾም፣ ጸሎቱን… አልፎ አልፎ የሚጸልይ።»

«ተከራካሪ ነው» አሉ ሐጂ። እሳቸው ደግሞ ፊት ለፊት እያዩኝ ነው፤ አጋጣሚውን ሊያሳልፉት አልፈለጉም። «ከእግዜሩም ጋር ይከራከራል። ሲስቅ ጥርሱን ቆጥቦ ነው። ጎረቤት ሲታመም ግን ሱቁን ዘግቶ የሚያስታምም እሱ ነው፤ እኔ ታምሜ አይቼዋለሁ። ይህን እንደነገርኳችሁ አትንገሩት፤ ይኮራል።»

«ጎደሬ ይበላል?»

ሐጂ ያልጠበቁት ጥያቄ ነው። «እሱን እንኳ… አይበላም» አሉ።

እውነት ነው፤ አልበላም። ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ ሕፃን ነበርኩ። እርዳታው ከመኪና ላይ ሆኖ ይታደል ነበር፤ የያዘ ያዘ፣ ያልያዘ አልያዘ። አንድ ቀን የዚህ አገር ሴቶች ጎደሬ በጀርባቸው ተሸክመው መጡ። ጥለውልን አልሄዱም። ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ አፍ ያሳክካል፤ እኛ ይህን አናውቅም። ቋንቋ የለን፣ እንዴት ይንገሩን? መሬት ላይ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጠው እሳት አነደዱ፣ ቀቀሉ፣ ላጡ፣ መጀመሪያ ራሳቸው በልተው አሳዩን። ባደግሁና ሱቅ በከፈትኩ ጊዜ፣ በረሃብ የበላሁትን በጥጋቤ አልደግመውም ብዬ ተውኩት። ጎደሬውን ስተው እነዚያን ሴቶችም አብሬ ረስቻቸው ነበር።

የቤቱ እመቤት ትኩስ ጎደሬ ከሚጥሚጣ ጋር፣ ብርዝም በብርጭቆ ይዛ ገባች። ባሏ ሳህኑን ተቀበላትና ቄሱንም ሐጂውንም አልፎ ጥግ ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ አመጣው።

በላሁ። ይፈረፈራል፣ ይሞቃል፣ ጨው ጨው ይላል። ያው ነው። የእናቴ ድምፅ ሁሉ መጣብኝ፤ ሚጥሚጣው ነው ብዬ ዐይኔን ጠረግሁ።

«እንግዲህ አባትየው በላ» አለ ሰውየው።

አባ አሳላቸው። «መቼ አወቁኝ?» አልኩት።

«ገና ከላይ ሳለህ። ልጅህ ያንተን ፊት ይዞ አይደል እዚህ የሚመላለሰው? እሱን ያየ አንተን አይቷል።»

አባ ይህን ሲሰሙ መስቀላቸውን ጨበጡ። አማተቡ።

ሰውየው አጠገቤ ቆመ። «ልጅቷ ወዳለች፤ እናቷም ወዳለች። እኔም ልጅህን አልጠላሁትም። የፈራሁት ቤቴን ሳያዩ የሚወስዱብኝን ነው። ከመንገድ ላይ ወስደዋት፣ ነገ ስትናፍቅ ምን እንደናፈቀች በምን ያውቃሉ?» እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «አሁን አይተሃል። በልተሃል። ሰጥቻለሁ፣ ሶዳ።»

ሶዳ በኦሮምኛ አማች ማለት ነው። ሚስቱ እልል አለች። ሽማግሌዎቹ ሊቀመጡ ጎንበስ እንዳሉ ከላይ ከመንገዱ ጥሩምባ ተነፋ።

ሁላችንም ተያየን። «ጎሬዎቹ ናቸው» አለ ሰውየው። ጥሩምባው ደገመ። «በል ሶዳ፣ አንተ ውጣና ንገራቸው። ግን ምሳ አለ በላቸው፤ ደጄ መጥቶ ሳይበላ የተመለሰ ሰው አልወድም።»

ያን አቀበት ባዶ እግሬን ስወጣ ለአባ ያቀረብኩት ጥያቄ አብሮኝ ወጣ፤ ክርክሩ ግን ከውስጡ አልቆ ነበር። መልእክተኛ ቃል ያደርሳል እንጂ ጎደሬ ቀምሶልህ አያውቅም፤ እግርህንም ታጥቦልህ አይመጣም። አባ ምሳሌዬ ያነክሳል ይሉኛል፤ እኔ አብም ወልድም ሳልሆን በሰው ሱሪ የሚንሸራተት ነጋዴ ነኝ። ይሁን። ብቻ አምላክ ስለ እኛ ከላይ ሆኖ የማያውቀው ነገር አልነበረውም፤ ያም ሆኖ መጣ፤ አፋችንን የሚያሳክከንን አብሮን ተቀምጦ በላ። ይህን ያህል ገባኝ። ከዚህ በላይ ያለው የአባ ሥራ ነው።

መንገዱ ላይ ንጹሕ መኪና ቆሟል። መስታወቱ ጣት የሚያስገባ ያህል ዝቅ አለ።

«አንተ፣ የቤቱ ሠራተኛ ነህ?»

«ሶዳ ነኝ።»

«ማ?»

«ዘመድ ነኝ። ልጅቷ ዛሬ ለልጃችን ተሰጥታለች። ግን ምሳ ቀርቧል፤ ውረዱ ብሏል ባለቤቱ።»

ከፊት የተቀመጠው ሰው ከሱሪው እስከ ጣቶቼ አየኝና መስታወቱን ሊዘጋ ሲል፣ ከኋላ አንድ ነጭ ነጠላ የለበሱ ሽማግሌ ራሳቸውን አወጡ።

«ጭቃው ይከፋል?»

«ይከፋል ጋሼ» አልኩ። «ሲወድቁበት ግን ይሻላል።»

«ኧረ ተዉ ጋሼ፣ ልብስዎት ይበላሻል!» አላቸው የፊተኛው።

ሽማግሌው ጫማቸውን አውልቀው ለሹፌሩ አቀበሉት፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸረጡና ክንዴን ያዙ።

«ልጅቷንስ አጣናት» አሉ፣ ቁልቁል እያዩ። «ምሳው ምን አደረገን?»